መኮንን የወሰዳቸው ትራክተሮች

የበደለኝ መኮንን ነው፤ የባሌ ታላቅ ወንድም። የበደለኝም ባሌን አፈር ባለበስኩ ሰሞን፣ ገና ከሐዘን ምንጣፍ ሳልነሳ፣ ክረምቱ እንደ ገባ ነው። ያኔ «ጋሼ» እለው ነበር። አሁን መኮንን ይበቃዋል። የወሰደብኝ ሦስት የእጅ ትራክተሮች ናቸው። ከዝገት አውጥቼ ነፍስ የዘራሁባቸው እኔ ነኝ፤ ቦንጋ ግን ይህን እስከ ዛሬ አታምንም። ሰው «ስለ ብረት ብለሽ ይህን ያህል ዘመን ቂም?» ይለኛል። ስለ ብረት አይደለም ብዬ አላስተባብልም። ስለ ብረትም ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው በእጅ ትራክተር የቡና ጆንያ እየጎተተ ዳገቱን ወጣ። ለማያውቀው ልንገር፤ የእጅ ትራክተር ሁለት ጎማ ብቻ ያለው፣ ፊቱ ላይ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የተቀመጠበት፣ ነጂው ከኋላ እየተራመደ ሁለት ረጃጅም እጀታዎች ይዞ የሚመራው የጓሮ ማሽን ነው። ማረሻ ካሰሩለት ያርሳል፣ ጋሪ ካሰሩለት ይጎትታል። የሰውዬው ሞተር ነጭ ጭስ ያወጣ ነበር፤ ናፍታውን ሳያቃጥል እየተፋው ነው። ካለፈም በኋላ ሽታው አጥሬ ሥር ቆየ፤ እርጥብ አፈር፣ ጥሬ ናፍታ፣ የተቃጠለ ዘይት። ሰውዬውን ጠርቼ ናፍታ የሚረጨውን አፍንጫ አጽዳው ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። ምክር በነፃ መስጠት ካቆምኩ ቆይቷል።

ሽታው የወሰደኝ ቦንጋ አስፋልት ወዳልነበራት ዘመን ነው። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልቆጥረውም፤ አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው ገና ወንበሩን ሳያሞቅ የነበረው ጊዜ ነው። ከገበያው ቁልቁል ሲወረድ ጥጉ ላይ የልብስ ሰፊዎች በረንዳ ነበር። በክረምት ጭቃው ከቁርጭምጭሚት ስለሚያልፍ ወንዱም ሴቱም በላስቲክ ቦት ጫማ ይመጣና በረንዳው ሥር ያወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን የተገባ ይመስል ነበር። ወንዶቹ እግሩ ሰፋ ያለ የቴርጋል ሱሪ ያሰፋሉ። እኛ አበባ የጣለ የናይለን ሻሽ እናስራለን፤ ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ግንባራችን ላይ ይወርዳል፣ ቤታችን ስንገባ ሁላችንም የተፈነከትን እንመስላለን። ከሰፊዎቹ አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት አንድ ካሴት ብቻ ነበረው መሰለኝ። አንዲት ሴት በየማታው ጥሏት ስለሄደ ሰው ታማርራለች፤ ክሩ በእርጥበት ስለተበላሸ ድምጿ እያደር ጎረነነ፣ በኋላ በኋላ የሚያማርረው ሰውዬው ራሱ መሰለ። ናፍታ ሊትሩ ከአንድ ብር እምብዛም አይበልጥም፤ ችግሩ ዋጋው ሳይሆን መገኘቱ ነበር። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ሞባይል ይሸጥበታል። ሳልፍ ቀና ብዬ አላየውም።

አባቴ የወፍጮ ቤት ሞተረኛ ነበር። የወፍጮው ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍታ ነው፤ በእጅ ትራክተር ላይ ከሚቀመጠው ጋር በመጠን እንጂ በአሠራር አይለይም። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ፋኖስ ያዢልኝ እያለ ከጎኑ አሳደገኝ። መፍቻውን በቁጥሩ ሳይሆን በእጄ ክብደት አስለየኝ። አንድ ጊዜ ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ እንጀራዬን ትቼ ተነሳሁ፤ አባቴም ተነስቶ ነበር፤ ተያየን፣ ሳንነጋገር ሄደን ዘይቱን አየን። የተመረቅኩት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሌላ ምርቃት አላገኘሁም።

አድማሱን ያገባሁት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ በጅማ መንገድ ሲመላለስ ነው። መልኩ ያማረ፣ አንደበቱ የጣፈጠ ሰው ነበር። ካፊኖኖውን ከገበሬው፣ አማርኛውን ከሹሙ እኩል ያወራል። ቡሎን ግን ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚፈታው እያለ አስቦ ነው የሚይዘው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የአትክልት ፕሮጀክት ነበር፤ የውጭ አገር ሰዎቹ ሲሄዱ ተዘጋ፣ ንብረቱም ለጨረታ ወጣ። አድማሱ ሦስት የእጅ ትራክተሮች በር በሌለው መጋዘን ውስጥ እንደሚበሰብሱ ሰምቶ መጣ። ሄደን አየናቸው። በአንደኛው ጎማ መሐል ቀርከሃ በቅሎ ወጥቷል። የሁለተኛው ሞተር ድርቅ ብሎ ተጣብቋል። ከሦስተኛው፣ ከሰማያዊው፣ ጭስ ማውጫ ውስጥ ንብ ይወጣል።

ብረት ገዢዎቹ በኪሎ ሲያሰሉ አድማሱ ጆሮዬ ላይ «ይነሳሉ?» አለኝ።

«ሁለቱ ይነሳሉ። ሦስተኛውን ከፍቼ ነው የምነግርህ» አልኩት።

«ሰማያዊው ንብ ወርሶታል እኮ።»

«እሱ ከሚነሱት ነው።»

የሦስቱ ዋጋ አንድ ላይ ከአንዲት የምትታለብ ላም ያነሰ ነበር። እሱንም የሞላነው በእናቴ የወርቅ ጉትቻ ነው። በጋሪ ስናስገባቸው ሰፈሩ ወጥቶ ሳቀብን። «አድማሱ፣ ትራክተር ነው የገዛኸው ወይስ ቀፎ?» አለ አንዱ፤ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊው ስሙ «ቀፎው» ሆኖ ቀረ። ማሩን በላነው፤ ናፍታ ናፍታ ይል ነበር። ሞተሩን ያዳነው ግን የንቦቹ ሰም ነው። ጭስ ማውጫውን ደፍኖት ስለቆየ የዚያ ሁሉ ክረምት ዝናብ ወደ ውስጥ አልገባም። ስከፍተው ፒስተኑ ትናንት የቆመ ይመስል ነበር። የተጣበቀውን ሞተር ደግሞ ናፍታና ነጭ ጋዝ ቀላቅዬ ሞልቼበት በየጠዋቱ በእንጨት መታ መታ እያደረግኩ አስታመምኩት፤ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሰሞነ ሕማማት አልፎ ፋሲካ ገባ። ሦስተኛውን ከሁለቱ በተረፈ ዕቃና ከጅማ ባመጣነው የወፍጮ መለዋወጫ ገጣጠምኩት። ቀፎው መጀመሪያ ሲነሳ አድማሱ ማስነሻውን ብረት እያዞረ፣ እኔ የሞተሩን እምቅ አየር የምታስተነፍሰውን ትንሽ እጀታ ይዤ በጆሮዬ እየጠበቅኩ ነበር። በቃ ባልኩበት ቅጽበት ለቀቅኩ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ የሰም ቁራጭ ግድግዳው ላይ ተፋ፣ ከዚያ ያዘ። እነዚያ ዓመታት ክፉ አልነበሩም። ይህን ያህል እመሰክራለሁ።

ቆላ ቆላውን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ በሬ እየፈጀ ነበርና ገበሬው ማሽኖቹን ለእርሻ ለመከራየት መጉረፍ ጀመረ። ያኔ አድማሱ ግቢያችን ያለውን መጋዘን በቀርከሃ መጋረጃ ለሁለት ከፈለው። እኔ ከኋላ እሠራለሁ፣ እሱ ከፊት ያነጋግራል። ሰው ሲመጣ ከጣሳው ጥቁር ዘይት በጣቱ ወስዶ እጁን እያሸ ይወጣል። በእኛ አገር እጁ የቆሸሸ ሰው መዳፉን አይሰጥም፤ አንጓውን ይዘረጋል፣ እንግዳውም አንጓውን ይጨብጣል። አድማሱ ለሁሉም አንጓውን ይዘረጋል። ሰው አንጓውን በጨበጠ ቁጥር የበለጠ ሞተረኛ ሆነ። እኔ ደግሞ ወደ ሰው ከመውጣቴ በፊት ጥፍሬን ሥር ድረስ በሎሚና በአመድ ስፈትግ እቆያለሁ፤ ማኅበር ላይ፣ ልቅሶ ላይ፣ ገበያ ላይ ንጹሕ መዳፌን እሰጣለሁ። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኩት።

«ሴት የነካችው ሞተር ማን ይከራያል፣ አስካለ? ዓለም እንዲህ ናት» አለኝ።

«ዓለም ናት ወይስ አንተ ነህ?»

ሳቀ። ሲስቅ ደስ ይላል፤ ያን ጊዜም ደስ አለኝ። የሳቀው በማን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መጋረጃውን አልፎ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ጎረቤታችን መምህር ጸጋዬ። ለትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ ማሽን ሊከራይ መጥቶ አድማሱን ሲያጣው ቀርከሃውን ገለጥ አድርጎ ዘለቀ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ የናፍታ ፓምፑን በታትኜ ነጠላዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። መምህሩ ቆሞ አየኝ። አድማሱ ከኋላው ደረሰ።

«መምህር፣ ምንም አላየህም» አለው እየሳቀ።

«እኔ? ምንም አላየሁም» አለ መምህሩም፤ ተሳሳቁ። ኪራዩን ቀነሰለት።

አድማሱ በጉበት ሞተ። ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ አበጠ፣ ጅማ ወሰድነው፣ መለሱልን። ስለዚያ ሌላ አልጽፍም። የሞተው ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ነው፤ ግቢያችን ላይ የተተከለው ድንኳን ያፈሳል፤ ከዋጫና ከቢታ ገነት የመጣ ዘመድ በቆመበት ይበሰብሳል። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን መኮንን ምንጣፌ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አስካለ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ስጪኝ። ለቀስተኛው በዝናብ አለቀ፤ እዚያ እናስጠልለው። ትራክተሮቹን ለጊዜው እኔ ግቢ ላስጠጋቸው።»

«ለጊዜው» አልኩት።

«ታዲያስ። የወንድሜ ቤት አይደለም እንዴ?»

ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁት። ምን ማድረግ እችል ነበር? ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት ስለ ንብረት ካነሳች፣ ባሏን የምታለቅሰው ለንብረቱ ብላ ነው ይባላል። ከምንጣፏ ተነስታ ወደ ጓሮ ካየች እንኳ ዓይኗ ደርቋል ይባላል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ የተማመነው በዚህ ነው። ሞተሮቹን ማስነሳት ስላልቻሉ በጭቃው ውስጥ በሰው ጉልበት ገፏቸው። እኔ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። የቀፎው አንድ ጎማ ሲዞር ሲጥ ይላል፤ ሰኔ ሳይገባ ቅባት ልሰጠው ያሰብኩት ነበር። ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ፤ እኔ ከሙሾው ሥር ያን ድምፅ እስኪርቅ ተከተልኩት። በዚያ ቅጽበት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስላለቀስኩ ሁሉም «አይዞሽ» አሉኝ።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ ዕቃዬን መልሱልኝ አልኩ። መኮንን «የወንድሜ ናቸው፤ ልጅ ቢኖር ለልጁ እንል ነበር» ብሎ መለሰ። ልጅ አልነበረንም። በዚህ ላይ የምለው የለኝም፤ እሱ ግን የሚለው ነበረው። ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። መኮንን ቤት በረንዳ ላይ፣ የእሱን ወንበር ዘርግተው፣ የእሱን ጠላ እየጠጡ ተሰየሙ። እኔ በጥቁር ልብሴ ቆምኩ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ በትሕትና ነው የጀመሩት።

«ልጄ፣ ቤቱ ያንቺ ነው፤ ማንም አልነካብሽም። የወንድ ዕቃ ለወንድም ቢሄድ ምን ይከፋል?»

«የወንድ ዕቃ አይደለም። የሠራኋቸው እኔ ነኝ።»

መኮንን ጉሮሮውን ጠረገና «ሐዘን ያስለፈልፋል፤ አትፍረዱባት» አለ። የሚራራልኝ መስሎ ነው የተናገረው። ይህን ቃል ከሁሉም በላይ አልረሳውም።

«እስቲ እጅሽን» አሉ ሽማግሌው።

ዘረጋሁ። አርባ ቀን ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ እጅ ነው። መፍቻ ያጠነከረው ቆዳ ለስልሶ፣ ከጥፍሬ ሥር ሎሚ ያላስለቀቀው ጥቁረት እንኳ በዚያ ሁሉ ለቅሶና ዝምታ ተጠርጎ ወጥቷል። መዳፌን ገልብጠው አዩት፤ ለጎናቸው ሰው አሳዩት።

«ይኼ የሊጥ እጅ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ ክፋት አልነበረበትም። «የአድማሱን አንጓ ስንጨብጥ የኖርን ሰዎች ነን።»

«መምህር ጸጋዬ አይቶኛል። ጠይቁት።»

መምህሩ ከመኮንን ጎን ተቀምጧል፤ ለበዓል ብቻ የሚለብሳትን ግራጫ ኮቱን አድርጎ። ኮቱን አስተካከለ። የመኮንንን ፊት አየ፣ የእኔን አላየም። «እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለ። ከአድማሱ ጋር የተሳሳቁበትን ቃል ነው የመለሰልኝ፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም። መምህሩ የመኮንንን መሬት ምርቱን በእኩል እየተካፈለ እንደሚያርስ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ሞቷል።

«ማሽኑን አምጡት፤ አስነስቼ ላሳያችሁ» አልኳቸው።

«በማቅሽ? የሰው መሳቂያ ልትሆኚ?» አሉ ሽማግሌው፤ ተነሱ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ቤቱና ባዶው መጋዘን ለእኔ ሆነ። መኮንን በየዓመቱ በቆሎ እንዲሰፍርልኝ ፈረዱ፤ አንድ ዓመት ሰፈረ፣ እሱንም ነቀዝ የበላውን።

ትራክተሮቹ መኮንን እጅ ላይ ብዙ አልቆዩም። በቀጣዩ ዓመት፣ የጠዋቱ ብርድ በበረታበት ጊዜ፣ ሚስቱ አየለች በሬን አንኳኳች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሲልኳት የምትሄድ ሴት ነበረች። ብዙ ስለ ጤና ከጠያየቀችኝ በኋላ ወደ ነገሩ መጣች።

«እትዬ አስካለ፣ ቀፎው ጠዋት ጠዋት እምቢ ብሏል። ነፍሱን ይማረውና አድማሱ ምን ያደርግለት ነበር?»

«አድማሱን ጠይቁት» አልኳት።

ያ መልስ ከተማውን ዞረ። ልበ ደረቅ ተባልኩ፤ ቅዳሴ ላይ ሴቶች አጠገቤ መቆም ተዉ። ቀፎው የሚፈልገው አንድ ማሰሮ የሞቀ ውኃ ማቀዝቀዣው ውስጥ ማፍሰስ ብቻ ነበር። እነሱ ሞተሩ ሥር ጨርቅ አቃጠሉለት፤ ሲግል ደነገጡና ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሱበት። ተሰነጠቀ። የቀሩትን ሁለቱንም ያለ ዘይት እየነዱ ጨረሷቸው፤ በመጨረሻ ከሦስት ማሽን አንድ የሚሄድ ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ልብስ ሰፊዎቹ ጥግ ቆሜ ጥልፍ ሳስጨርስ አሮጌ ብረት የጫነ መኪና ጭቃ ይዞት ቆመ። ከተሰበሩ አልጋዎችና ከተጨራመተ ቆርቆሮ በላይ ቀፎው ተቀምጧል፤ ሁለት እጀታዎቹ እንደ ተማረከ ሰው እጅ ወደ ላይ ቆመዋል። ሰማያዊ ቀለሙ አልለቀቀም ነበር። መኪናውን ሰዎች ተጋግዘው ገፉት፤ ወደ ጅማ ሄደ። ሰፊው «እትዬ፣ ክሩን አረንጓዴ ላድርገው?» አለኝ። አድርገው አልኩት።

እኔ የኖርኩት በወፍጮ ነው። አባቴን ያውቅ የነበረ ሰው ሞተረኛ አድርጎ ቀጠረኝ፤ እዚያ ማንንም አልከፋውም፤ ሴት ወፍጮ ቤት ብትታይ ልታስፈጭ የመጣች ነው የምትመስለው። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ሠራሁ። ኤሌክትሪክ ወፍጮ መጣና ጉልበቴና ሞተሩ አንድ ሰሞን ጡረታ ወጣን። መኮንን ደግሞ ቡና ነግዶ ቤቱን በብሎኬት አደሰ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ኮፍያውን ያነሳል፣ እኔ አልፋለሁ። እንዲህ ሆነን አረጀን።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ የመኮንን ልጅ ብርቱካን መጣች። ግብርና ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ወጥታ ነው የመጣችው፤ ባጇ አንገቷ ላይ አለ።

«እትዬ፣ ፐርሚሽን ጠይቄ ነው የመጣሁት። አባባ በጣም ደክመዋል። እርስዎን ይጠራሉ።»

«ምን ሊሉኝ?»

«ይቅርታ ነው መሰለኝ። የንስሐ አባታቸው ከበደሉት ሰው ሁሉ ይታረቁ ብለዋቸዋል።»

«ከሁሉ ከሆነ ወረፋው ይረዝማል፤ እኔ በኋላ ልምጣ።»

«እትዬ ደግሞ» አለች፤ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ዓይኗ ሞላ። በእሷ ምክንያት ነው የሄድኩት። አባቷን አልመረጠችም።

መኮንን ሦስት ብርድ ልብስ ለብሶ ከሥሩ ልጅ ያክላል። ቄሱ ከራስጌው ተቀምጠዋል፤ ብርቱካን በሩ ላይ ቆመች። «አስካለ፣ መጣሽ» አለ። ጠርተውኛል አልኩት። እስትንፋሱን ሰብስቦ ጀመረ።

«የወንድሜን ትራክተሮች ላንቺ መተው ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።»

«የማንን ትራክተሮች?»

«የወንድሜን።»

«ጋሼ፣ ብረቱን አልጠይቅዎትም፤ ቀልጦ ሚስማር ሆኗል። እነዚያን ሞተሮች ማን እንደሠራቸው እዚህ ለቄሱና ለልጅዎ ይንገሩ። ሌላ ነገር አልፈልግም። ያን ጊዜ ይቅር እልዎታለሁ።»

ሁለቱ እንዲወጡለት በእጁ ምልክት ሰጠ። ወጡ፤ በሩም ተዘጋ።

«አውቅ ነበር» አለኝ። «አድማሱ ገና በሕይወቱ ሳለ ነግሮኛል፤ ጠጥቶ። መፍቻ እንኳ አላውቅም፣ ሁሉም የእሷ እጅ ነው ብሎ ጉልበቴ ላይ አልቅሷል። ታዲያ ምን ላድርግ? ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ሚስቱ እየሠራችለት እጁን ዘይት ይቀባ ነበር ላስብለው?»

«ይህንኑ ነው የምፈልገው። እነሱ ይግቡና ይድገሙላቸው።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ሙት አላዋርድም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

እዚያ ቆሜ ጀርባውን አየሁት። ከሽማግሌዎቹ ቀን ጀምሮ ምናልባት እውነት አልመሰለው ይሆናል እያልኩ ጥቂት ጥቂት ምሕረት አተርፍለት ነበር፤ በተለይ በጾም። ያቺም ያን ቀን አለቀች። በረንዳው ላይ ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ተነሱ።

«እንግዲህ ታረቃችሁ?» አሉኝ።

«አልታረቅንም፣ አባ።»

«ለነፍሱ ብለሽ፣ ልጄ።»

«ነፍሱ ያለችው እሱ ዘንድ ነው። እኔ ጋ ያለው የእኔ ነው» ብዬ ወጣሁ። ብርቱካን እስከ በሩ ሸኘችኝ። ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለሷ ብቻ ነው የነገርኩት፤ ቀና ብላ አላየችኝም፣ አመሰግናለሁም አላለችኝም። «አጎቴን እንዲህ አይበሉት» አለች፤ ባጇን አስተካክላ ወደ ውስጥ ገባች።

መኮንን መስከረም ሳይጋመስ ሞተ። የሞቱን ጥሩንባ የሰማሁት ጎህ ሲቀድ ነው። እኔና እሱ የአንድ እድር አባል ነን።

የቀብሩ ዕለት ሺሺንዳ ሄድኩ። እዚያ ከአንድ የተዘጋ እህል መጋዘን ጀርባ አሮጌ የእጅ ትራክተር እንዳለ ሰምቼ ነበር። ሻጩ ለልጄ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለራሴ ነው አልኩት። ሞተሩ ተጣብቋል፣ አንድ ጎማ የለውም። ተከራክሬ ገዛሁት። በኪራይ መኪና ጭኜ ቦንጋ ስደርስ ለቀስተኛው ከቀብር ይመለስ ነበር፤ ሹፌሩ ወደ ዳር ወጥቶ እስኪያልፉ ቆመ። ዕቃዬን መጋዘኔ አወረድኩ፣ ናፍታና ነጭ ጋዝ ቀላቅዬ ሞላሁበት። በማግሥቱ የእድሩ ጸሐፊ ከቀብር የቀረሁበትን መቀጫ ሊቀበል መጣ። ከፈልኩት፤ ደረሰኝ ጻፈልኝ። ከዚያ ገብቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።